ያልደመቀችው ፀሐይ

የክሎድ ሞኔን «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጫ» የተሰኘ ሥዕል ስልካችሁ ላይ ፈልጉና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ጀልባዎቹ አሉ፤ ጭጋጉም አለ። ፀሐይዋ ግን ጠፋች ማለት ይቻላል።

ሥዕሉ ትልቅ አይደለም፤ ቁመቱ 48፣ ወርዱ 63 ሳንቲ ሜትር ነው። ሞኔ የሳለው እ.ኤ.አ. በ1872 ልጅነቱን ባሳለፈባት የሰሜን ፈረንሳይ የወደብ ከተማ ለ አቭር፣ ካረፈበት ሆቴል መስኮት እያየ ነው። ጎህ ቀዷል፤ ውሃው ጸጥ ብሏል። ከኋላ የመርከብ ምሰሶዎችና ጭስ ማውጫዎች ጭጋግ ውስጥ እንደ ጥላ ቆመዋል፤ ከፊት ትንንሽ ጀልባዎች ይታያሉ። ቀዛፊዎቹን ጠጋ ብላችሁ ብታዩአቸው ሰው አይመስሉም፤ ጥቂት የጠቆሩ የብሩሽ ጭረቶች ናቸው። የፀሐይዋ ነጸብራቅም ውሃው ላይ ጣል ጣል የተደረገ ብርቱካናማ ቀለም ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።

በ1874 ፓሪስ ውስጥ ለኤግዚቢሽን ሲቀርብ ሞኔ ለካታሎጉ ርዕስ ስጥ ተባለ። ይህን የለ አቭር መልክ ነው ብሎ ማቅረብ ስለከበደው «ኢምፕሬሽን» በሉት አለ፤ ለአፍታ አይቶት ውስጡ የቀረውን ለማለት ነው። ሉዊ ለርዋ የተባለ ጋዜጠኛ በቃሉ ተሳለቀበት፣ የኤግዚቢሽኑን ሠዓሊዎችም ኢምፕሬሽኒስቶች አላቸው። ስድቡ ስም ሆኖ ቀረ።

ወደ ፀሐይዋ እንመለስ። ሌላ ሠዓሊ ቢሆን ከሰማዩ አብልጦ ያደምቃት ነበር። ሞኔ ግን ከዙሪያዋ የለያት በቀለም ብቻ ነው፤ ብርቱካናማውን ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ መሐል አስቀመጠው፣ የብርሃን መጠናቸው ግን እኩል ሊባል ምንም አይቀረው። የሃርቫርድ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪዋ ማርጋሬት ሊቪንግስተን እንደሚያስረዱት፣ አእምሯችን ያየነውን የሚያጣራው በተለያዩ ክፍሎች ነው። አንዱ ቀለም ይለያል። ሌላው ቀለም አያውቅም፤ ብርሃንና ጨለማን እያመዛዘነ ነገሩ የት እንዳለ፣ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ይነግረናል። ታዲያ አንደኛው «ፀሐይ ይቻትና» ሲል ሁለተኛው «ወዴት?» ይላል። ቁርጥ ያለ ቦታ ስላጣችም የምትርገበገብ ትመስላለች። እውነተኛዋ ፀሐይ ጭጋግ ውስጥም ብትሆን ከሰማዩ ትደምቃለች፤ ሞኔ እንደዚያው አድምቆ ቢስላት ኖሮ ሸራው ላይ ተለጥፋ የቀረች ክብ በሆነች ነበር። ይህን የነገረው ላቦራቶሪ አልነበረም። እየቀባ፣ እያየ ደረሰበት ብል አልተሳሳትኩም።

ዋናውን ማየት የሚሻ ፓሪስ ማርሞታን ሞኔ ሙዚየም ይሂድ። በ1985 ታጣቂዎች ከዚያው ሙዚየም በጠራራ ፀሐይ ዘርፈውት ነበር፤ ከ5 ዓመት በኋላ ኮርሲካ ደሴት ላይ ተገኘ።