የሰፈር ወንጀል በካርታ ላይ

በፖሊስ ጣቢያ ግድግዳ ላይ ካርታ ሰቅሎ ወንጀል በተፈጸመበት ቦታ ሁሉ እስፒል መሰካት የቆየ አሠራር ነው። ከዚያም በፊት፣ በ1829 እ.ኤ.አ.፣ አንድሬ ሚሼል ጌሪና አድሪያኖ ባልቢ የፈረንሳይን ወንጀል በክፍለ አገር ለይተው በካርታ አሳትመዋል። ዛሬ አዲስ የሆነው፣ መርማሪው ብቻ ይመለከተው የነበረው ካርታ ለነዋሪው መከፈቱ ነው።

ለዚህ በር ከከፈቱት አንዱ የቺካጎው ጋዜጠኛና የኮምፒውተር ባለሙያ አድሪያን ሆሎቫቲ ነው። በ2005 የከተማው ፖሊስ ይፋ የሚያደርገውን የወንጀል መዝገብ ወስዶ፣ በዚያው ዓመት ከወጣው የጉግል ካርታ ጋር አገናኘው። የቺካጎ ነዋሪ የመንገዱን ስም ፈልጎ በአካባቢው የተመዘገበውን ስርቆት፣ ዝርፊያና ድብደባ ማየት ቻለ። እንግሊዝና ዌልስም በፌብሩዋሪ 2011 የራሳቸውን ካርታ ሲከፍቱ፣ በመጀመሪያው ቀን የተመልካቹ ብዛት ድረ ገጹን አጨናነቀው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተበዳዩ ለፖሊስ ያመለክታል፤ ፖሊስ የወንጀሉን ዓይነት፣ ቀኑንና አድራሻውን ይመዘግባል። ኮምፒውተሩ አድራሻውን ወደ ኬክሮስና ኬንትሮስ ለውጦ በካርታው ላይ ነጥብ ያኖራል። የተበዳዩ ቤት እንዳይታወቅ ግን ቦታው ሆን ተብሎ ይደበዝዛል። ቺካጎ የምታሳየው የመንገዱን ብሎክ እንጂ የቤቱን ቁጥር አይደለም፤ ያለፉት ሰባት ቀናት መዝገብም አይወጣም። በእንግሊዝ እያንዳንዱ ወንጀል አስቀድሞ ወደተመረጠ ነጥብ ይጠጋል፤ በአንዱ ነጥብ ክልል ውስጥ መኖሪያ ካለ ቢያንስ ስምንት አድራሻ መኖር አለበት። ስለዚህ በደጃፍዎ ላይ ያዩት ነጥብ ከጎረቤት መንገድ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ካርታው ሊሳሳትም ይችላል። በ2009 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ካርታ በከተማው ማዘጋጃ ቤት አቅራቢያ ያለን አንድ ቦታ የወንጀል መናኸሪያ አድርጎ አሳየ። ጋዜጠኞች ሲመረምሩት፣ ኮምፒውተሩ ሊያገኘው ያልቻለውን አድራሻ ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ ይከምር እንደነበር ታወቀ።

ትክክለኛ ነጥብም ቢሆን ያለ ማመዛዘን አይነበብም። ገበያና የባቡር ጣቢያ ነጥብ የሚበዛባቸው ሰው ስለሚበዛባቸው ጭምር ነው። የተነጠቀ ስልክና የሰው ነፍስ ማጥፋት በአንድ ዓይነት ነጥብ ሲታዩ ዓይን ይስታል፤ የወንጀሉን ዓይነት ለይቶ፣ የዘንድሮውን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ማነጻጸር ይገባል።

ከሁሉም የሚከብደው ካርታው ላይ የሌለው ነው። ፖሊስ ያልሰማው ወንጀል ነጥብ የለውም። በአሜሪካ በየዓመቱ ነዋሪዎች ስለደረሰባቸው ወንጀል የሚጠየቁበት አገር አቀፍ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከኃይል ወንጀሎች ለፖሊስ የሚደርሰው ከግማሽ በታች ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የሚያሳስበው፣ ቋንቋው የሚያስቸግረው፣ «ምን ያደርጉልኛል» ብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው ዝም ይላል። እንዲህ ያለው ነዋሪ የሚበዛበት ሰፈር ካርታው ላይ ከእውነቱ ይልቅ ሰላማዊ መስሎ ይታያል፤ ጥበቃም ትኩረትም ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል።

ይህ በዋሽንግተን ዲሲ የሚኖረውን ብዙ ወገናችንን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ከተማዋ የወንጀል ካርታዋን ለሁሉም ክፍት አድርጋለች። በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕጓም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ የፖሊስ መሥሪያ ቤቱም በሕጉ ይገዛል። አማርኛም መሥሪያ ቤቶቹ ከሚያገለግሉባቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው።

እንግዲህ ካርታውን ስንከፍት ቤት ለመምረጥ ብቻ አይሁን። ከጎረቤት ጋር ተነጋግረን፣ በሰፈር ስብሰባ ላይ «እዚህ መንገድ ላይ ምን እየተሠራ ነው?» ብለን ፖሊስን እንጠይቅበት። ሱቅዎ ሲሰበር፣ መኪናዎ ሲሰረቅ ደግሞ ዝም አይበሉ። ያመልክቱ፤ አስተርጓሚም ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።