ጭቃውን የሚያቀላው ጠብታ

በመንዝ ጓሳ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ረግረግ አለ። ውሃ የጠገበ አፈር ኦክስጅን ሲያጣ ባክቴሪያዎቹ በምን ይተነፍሳሉ? በዝገት! ሦስት ኤሌክትሮን ለጎደለው የዝገት ብረት አንድ ይመልሱለታል፤ ሁለት ብቻ የጎደለው ይሆንና ውሃው ውስጥ ይሟሟል።

ይሄን ብረት የሚያጋልጠው ባይፒሪዲን ነው፤ ኬሚስቶች ዳይኢሚን ከሚሏቸው ወገን፣ በ1888 እ.ኤ.አ. ፍሪትዝ ብላው የሠራው። ሁለት ናይትሮጅኖቹ ብረቱን እንደ ጉጠት ይቆነጥጡታል። ሦስት ሞለኪውሎች አንዱን ብረት ሲከቡት ደማቅ ቀይ ቀለም ይወጣል።

የአፈር ባለሙያዎች እርጥብ ጭቃ ላይ ጠብ ያደርጉታል፤ ከቀላ፣ አየር የለም ማለት ነው። (መርዛማ ስለሆነ ያለ ጓንት አይነካም።) ዶማ የነካውን ጭቃ ግን እንዳትፈትኑ፣ የዶማው ብረት ያታልላችኋል!

የጓሳ ረግረግ በቦይ ቢጠነፈፍስ? አየር ይገባል፣ ብረቱ ተመልሶ ይዝጋል፣ ጠብታው አይቀላም። ሳይበሰብስ የቆየው የሣር ቅሪትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሆነ ይበናል።