የአዲስ ሠፈር ቤትና የክረምት ጎርፍ፤ ስለ መርጡለ ማርያም ከተማ መስፋፋት

ከተማ ሲሰፋ ንግድም አብሮ ይሰፋል። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ግድም ባሠራችው ቤተ ክርስቲያን በታወቀችው፥ የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በመርጡለ ማርያም አዲስ ቤት በተሠራ ቁጥር ቆርቆሮ፥ ምስማር፥ ሲሚንቶና ባሕር ዛፍ ይሸጣል፤ ግንበኛውና አናጢው ሥራ ያገኛሉ፤ ባለሱቁም አዲስ ደንበኛ ያፈራል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሠፈር ሲቆረቆር ከቤቶቹ ጋር አብሮ የሚመጣ፥ በደረሰኝ ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከየጣሪያው የሚወርደው የክረምት ውኃ ነው። መሄጃው አስቀድሞ ካልታሰበበት፥ ጉዳቱ ውሎ አድሮ ከታች ባለው ገበሬ፥ በባለሱቁና በመንገደኛው ላይ ይወድቃል።

ነገሩን በቀላል ሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ስለዚህ ጣሪያው 80 ካሬ ሜትር በሆነ ቤት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 2,400 ሊትር፥ ማለት እያንዳንዱ 200 ሊትር የሚይዝ 12 በርሜል ውኃ ይወርዳል። እንዲህ ያሉ 100 ቤቶች በአንድ ተዳፋት ላይ ቢቆሙ 1,200 በርሜል ይሆናል። ቀድሞ ይኸው ዝናብ በግጦሽ ሣር ላይ ሲወርድ ከፊሉን መሬት ይጠጣው ነበር፤ የቀረውም በሣሩ እየተገታ በዝግታ ይወርድ ነበር። ቆርቆሮ ግን አይጠጣም፤ የተረገጠ ግቢና የተጠቀጠቀ መንገድም የሚጠጡት ጥቂት ነው። ከዚህ የተነሣ ውኃው በብዛትም በፍጥነትም ይጨምራል፤ መሬቱን ይበልጥ የሚቦረቡረውም ይህ ፍጥነት ነው።

በጎጃም ደጋ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በክረምቱ ወራት፥ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ዋልካ መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ሲጠግብ ግን አብጦ ስለሚዘጋ ተጨማሪ ውኃ ወደ ውስጥ አያስገባም። የወረዳው መሬት ደግሞ ወደ ዓባይ በረሃ እያዘቀዘቀ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ምድር ላይ የተለቀቀ ጎርፍ በጥቂት ክረምት ቦረቦር ያወጣል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው፥ የቦረቦር ራስ በየክረምቱ እየተናደ ወደ ላይ የሚሄድ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከሠፈሩ የወጣው ውኃ በታችኛው ማሳ የቈፈረው ገደል፥ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ወደ ራሱ ወደ ሠፈሩ አጥር ይደርሳል።

የጎጃም ገበሬ ይህን ጉዳይ ከጥንት ያውቀዋል። በማሳው ላይ ውኃ እንዳይተኛ በማረሻ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ እጅግ ቁልቁል ከሆነ አፈር ይዞ እንደሚሄድ፥ እጅግ አግድም ከሆነም ሞልቶ እንደሚጥስ ስለሚያውቅ፥ በመጠኑ አዘንብሎ ይመራዋል። የላይኛው ገበሬ ፈሰሱን በታችኛው ማሳ ላይ ቢለቅ ጠብ ይነሣል፤ ሽማግሌም ይቀመጣል። ለአንድ ጥማድ መሬት ውኃ ይህን ያህል ከታሰበ፥ መቶ ቤት ለሚሠራበት ሠፈር ምን ያህል ሊታሰብ ይገባው ይሆን?

በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ በኩል ሌሊት ድሬዳዋ ገብቶ፥ ከ250 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት ያጠፋ፥ ብዙ ቤትና ንብረትም ጠራርጎ የወሰደ መሆኑ ይታወሳል። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ ነው። የመርጡለ ማርያም አቀማመጥ ከድሬዳዋ የተለየ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ በበጋ የደረቀ ፈፋ የውኃ መንገድ እንጂ ትርፍ ቦታ አይደለም።

ስለሆነም ቦታ ከመሸንሸኑ በፊት ፈፋዎቹ ከነዳርቻቸው ተለይተው ሣርና ዛፍ እንዲለብሱ መተው አለባቸው። ዋናው ቦይም ከቤቶቹ አስቀድሞ መሠራት ይኖርበታል። ቦይ ሲሠራ ከሁሉ የሚበልጠው መጨረሻው ነው፤ ውኃው በባዶ አፈር ላይ ከተለቀቀ የተገነባው ቦይ ራሱ ቦረቦር ፈጣሪ ይሆናልና፥ መውጫው በድንጋይ ወይም በጋቢዮን ሊጠነክር ይገባል። ከሠፈሩ ግርጌ የሚቈፈር፥ በአጥር የተከበረ ኩሬ ደግሞ ጎርፉን ለጥቂት ሰዓት አግቶ በዝግታ ይለቃል። በውጭ አገር በብዙ ከተሞች አዲስ ሠፈር ከቀድሞው ሜዳ የበለጠ ጎርፍ እንዳይለቅ በሕግ ይገደዳል። መጸዳጃ ጉድጓድም ከምንጭና ከጎርፍ መንገድ ርቆ ካልተቈፈረ፥ የክረምቱ ውኃ በሽታን ወደ መጠጥ ውኃ ያደርሳል።

በአገራችን በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299፥ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንዲጠና ደንግጓል። ነገር ግን አንድ የመኖሪያ ቤት ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው መቶው በአንድነት ሲቆም ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱም የቤት ሠሪዎች ማኅበራትም ሠፈሩን እንደ አንድ ሥራ መመልከት ይገባቸዋል።

ነጋዴውም በበኩሉ ድርሻ አለው። ቆርቆሮ የሚሸጥ ሰው አሸንዳውንና ሮቶውንም አብሮ ቢያቀርብ፥ ደንበኛውን ይጠቅማል፤ የራሱንም ገበያ ያሰፋል። በርግጥ ሮቶ ቶሎ ስለሚሞላ ብቻውን ጎርፍን አያስቀርም፤ ሆኖም ለግቢው ውኃ ይሰጣል፤ አሸንዳውም ውኃው የጭቃ ግድግዳና መሠረት እንዳይሸረሽር ይከላከላል። ቦይ የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ ከሱቅ በሚወጣ ፌስታልና ካርቶን ስለሆነ፥ እያንዳንዱ ባለሱቅ በደጁ ያለውን ቦይ በግንቦት፥ ዝናቡ ሳይከብድ፥ ቢያስጠርግ ወጪው የጥቂት ቀን የጉልበት ሠራተኛ ደመወዝ ብቻ ነው። መንገድ በጎርፍ ተቈርጦ የጭነት መኪና ሳይገባ የሚቀርበት አንድ የገበያ ቀን ግን ከዚህ ይልቅ ብዙ ያሳጣል።

ከእነብሴ ማሳ የሚታጠበው አፈር ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ውስጥም ደለል ሆኖ ይተኛል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ሠፈር ብቻ አይደለም። ቤት ሠሪ ሁሉ ጣሪያውን ሳይመታ፥ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ በማን ደጅ እንደሚያልፍ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።