እልልታ ስንት ሴኮንድ ነው?

ኣደይ፣ እናቴ፣ ብዬ የምጠራቸው ጎረቤቴ ስልኬን ተቀብለው የአሸንዳ ቪዲዮ ማየት ጀመሩ። የከፈትኩላቸው እየነደፍኩት ባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ነው፤ ከሥሩ ቀይ ልብ፣ አውራ ጣትና የሚስቅ ፊት ደርድሬለታለሁ። ልጃገረዶቹ ከበሮውን እየመቱ ወደ ካሜራው ሲጠጉ ኣደይ መዳፋቸውን ከንፈራቸው አጠገብ አድርገው እልል አሉ። ቤቱን የሞላ ረጅም እልልታ። ቪዲዮው አለቀ። ከደረደርኩት ምልክት አንዱንም አልነኩም። ለምን ይንኩት? የተሰማቸውን ገልጸው ጨርሰዋል።

የዚያን ዕለት ማታ የሥራ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ እልልታ ስንት ሴኮንድ ነው?

መቀሌ ተቀምጬ የስልክ መተግበሪያዎችን ገጽ እነድፋለሁ። በያዝነው ዓመት አብዛኛውን ጊዜዬን የወሰደው ሰው ቪዲዮ እያየ፣ ቪዲዮው ሳይቆም፣ ምላሽ የሚሰጥበትን መንገድ ማበጀት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። አንድ ምልክት ሠርቶ ማስቀመጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከባዱ ምልክቱ የሚናገረውን ማወቅ ነው።

በዚህ ሥራ ቀድመው ከሄዱት ሁሉ ብዙ ያስተማረኝ እ.ኤ.አ. በ2006 በጃፓን የተከፈተው የቪዲዮ ገጽ ኒኮኒኮ ነው። ተመልካቹ የጻፈው አስተያየት ከቪዲዮው ሥር አይቀመጥም፤ በራሱ በምስሉ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል። ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ላይ ሲጽፍ ምስሉ በፊደል ይሸፈናል። ጃፓኖች ይህን ዳንማኩ ይሉታል፤ የጥይት ናዳ እንደማለት ነው። ቢሊቢሊን የመሰሉ የቻይና ገጾችም ይህንኑ ወሰዱ። እኔን የማረከኝ ግን ናዳው አይደለም። እያንዳንዱ አስተያየት የሚታሰረው ከተጻፈበት ቀንና ሰዓት ጋር ሳይሆን ከቪዲዮው ሴኮንድ ጋር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በ42ኛው ሴኮንድ ላይ የሳቀ ሰው፣ ዛሬ እኔ 42ኛው ሴኮንድ ላይ ስደርስ ከጎኔ ተቀምጦ ይስቃል።

ይህ ነገር ለመቀሌ ሰው ትርጉሙ ሌላ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መመለስ የጀመረው ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነው። ሲመለስ ስልካችንን ከፍተን ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ከሁለት ዓመት በፊት ያዩትን ሠርግ፣ ክርስትናና ዘፈን ማየት ያዝን። እነሱ እልል ብለው ጨርሰዋል። እኛ ገና መጀመራችን ነበር። ምላሻቸው ከሴኮንዱ ጋር ታስሮ ቢሆን ኖሮ፣ እህቴ ሙሽራዋ ስትገባ የት ላይ እንዳለቀሰች አይቼ እዚያው ላይ አብሬያት አለቅስ ነበር።

የዩቲዩብም ታሪክ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ባለቪዲዮው በምስሉ ላይ የጽሑፍ ሣጥን የሚለጥፍበት መሣሪያ አወጣ፤ በጥር 2019 ጨርሶ አነሣው። መሣሪያው በስልክ ላይ አይሠራም ነበር፤ ሰዉ ደግሞ ወደ ስልክ ሄዷል። እዚህ ያለን ተመልካች ከመጀመሪያውም በስልክ የሚያይ ነው። ስልኩ ርካሽ ነው፣ ዳታው በጥቅል የተገዛ ነው፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። በዚህ ላይ በግዕዝ ፊደል መጻፍ አለ፤ ለአንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለቴ መንካት ያስፈልጋል፣ የፊደል ገበታው ደግሞ የምስሉን ግማሽ ይሸፍናል። "እንዴት ደስ ይላል" ብሎ ጽፎ እስኪጨርስ ደስ ያለው ነገር አልፏል።

ስለዚህ የደረደርኳቸውን ምልክቶች አነሣሁና አንድ ቁልፍ ብቻ አስቀመጥኩ። ተመልካቹ ጣቱን ያሳርፍበታል፤ ጣቱ እስካለ ድረስ በምስሉ ግርጌ ቀጭን መስመር ይረዝማል፤ ሲያነሣ መስመሩ ይቆማል። እልልታ ርዝመት አለውና። ልብ ግን ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ በላይቭ ላይ አንድ ሰው መቶ ጊዜ ሲነካው የሚቆጠረው የጣት ምት እንጂ ሰው አይደለም። ከእኔ ቁልፍ የሚላኩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ የተጀመረበት ሴኮንድና ያለቀበት ሴኮንድ። ከአንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ያንሳሉ። ኔትወርክ ከሌለ ስልኩ ውስጥ ይጠብቃሉ፤ ሲመጣ ይሄዳሉ። በማይክሮፎን ድምፅ መቅዳትንም አስቤ ነበር፤ ተውኩት። የሰው ቤት ውስጥ ጆሮ ማስቀመጥ አልፈልግም።

ቃል ለመመለስ ለሚፈልግ ሌላ በር ያስፈልጋል። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው "ተቀበል!" ብሎ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ከማሲንቆው ጋር ይመልስለታል። አድማጩ የዘፈኑ አካል ሆነ። ከማውቃቸው የምላሽ መንገዶች ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም። በተቀዳ ቪዲዮ እስካሁን አልተሳካልኝም፤ የሚቀበል ሰው በሌላው ጫፍ መኖር አለበትና።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በትግራይ በጦርነቱ ለሞቱት የሦስት ቀን ኀዘን ሲታወጅ፣ በስልኬ አንዲት የልጇ መርዶ የደረሳት እናት በቀጥታ ስርጭት ስታለቅስ አየሁ። በፊቷ ላይ ልቦችና የሚስቁ ፊቶች ይንሳፈፉ ነበር። አብዛኞቹ ተመልካቾች በክፋት እንዳልላኩት አምናለሁ፤ ሌላ የሚነካ ነገር አልተሰጣቸውም። ነውሩ የነዳፊው ነው። አሁን በእኔ ማጫወቻ ቪዲዮውን የሚለቅ ሰው "ኀዘን ነው" ብሎ ምልክት ማድረግ ይችላል። ያን ጊዜ በምስሉ ላይ ምንም አይንሳፈፍም፣ ቁጥርም አይታይም። ቪዲዮው ሲያልቅ ብቻ አንድ ቃል ከሥር ይመጣል፦ ጽንዓት ይሃብኩም። መጽናናትን ይስጣችሁ ማለት ነው። ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ብሎትም ዝም ብሎ ይቀመጣል።

በመቀሌም በአዲስ አበባም ይህን ሥራ የምትሠሩ ወጣቶች፣ አዲስ የምላሽ ቁልፍ ስትሠሩ የመጀመሪያውን ሙከራ በዘፈን ላይ አታድርጉት። በለቅሶ ቪዲዮ ላይ አድርጉት፤ አጠገባችሁም እናታችሁን አስቀምጡ።