ከዱላ የሸሸች ሴት ልቧ መቼ ይሽራል?

አበው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብለው የተናገሩት ምሳሌ በእውነት ሲፈጸም ያየሁት በአክስቴ ላይ ነው። አክስቴ የባሏን ዱላ ስምንት ዓመት ከቻለች በኋላ፣ ባለፈው ዓመት ሁለት ልጆቿን ይዛ ሐዋሳ መሃል ከተማ ወደሚገኘው ቤታችን መጣች። ስሟን ሳልጠራ ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

እኔ ከዚያ ቤት በወጣችበት ቀን ጭንቀቷም የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች፤ ሌሊት ትባንናለች፤ «ጥፋቱ የኔ ይሆን?» እያለች ታለቅሳለች፤ አንዳንድ ጊዜም ባሏን ትናፍቃለች። በዚህ ተገርሜ «ታዲያ ለምን ቀደም ብለሽ አልወጣሽም?» ብዬ ጠየቅኋት። ሦስት ቀን ሙሉ አላነጋገረችኝም።

ይህ ስሕተቴ ነገሩን እንድመረምር አደረገኝ። የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ለብዙ ጊዜ በፍርሃት የኖረ ሰው አእምሮውና ሰውነቱ አደጋን መጠባበቅ ይለምዳሉ፤ አደጋው ቢርቅም ልማዱ ወዲያው አይለቅም። ደግሞም የሚመታ ባል ሁልጊዜ አይመታም፤ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይምላል፣ ስጦታ ያመጣል። ስለዚህ ተስፋና ፍርሃት ተደባልቀው ልብን ያስራሉ። በዚህም ላይ ገንዘቡ በእርሱ እጅ ነው፤ ልጆች አሉ፤ ብዙ ጊዜም አደጋው የሚብሰው ሴቲቱ ልትወጣ ስትነሣና ከወጣች በኋላ ነው። ይህን ሳውቅ በጥያቄዬ አፈርሁ።

መከራው የአክስቴ ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በቡታጅራ አካባቢ ባል ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች መካከል 71 በመቶው በሕይወታቸው ከባል የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ደርሶባቸዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት ወንጀል አድርጎታል።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? አስቀድሞ ያለ ሥጋት የሚተኙበት ቤት ነው። በወይዘሮ ማሪያ ሙኒር የተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባ ጀምሮ በሐዋሳና በሌሎች ከተሞችም መጠለያ ከፍቷል። በዚያ ምግብና ሕክምና፣ የምክር አገልግሎት፣ የሕግ ድጋፍ፣ የሙያ ትምህርትም ይሰጣል። ሙያው የሚያስፈልገው ለእንጀራ ብቻ አይደለም፤ «አልችልም» ያለች ሴት መቻልዋን የምታይበት ስለ ሆነ ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት የኛ አንደበት ነው። «ለልጆችሽ ስትይ ቻዪው» ማለት ቁስሉን ያድሳል፤ «አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ማለት ግን ያጠግጋል። እኔም አክስቴን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ዛሬ በር ሲንኳኳ አሁንም ቀና ትላለች፤ ግን ተነሥታ የምትከፍተው እርስዋ ናት።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ከዱላ ሸሽታ የመጣችውን ሴት ለማስታረቅ ከመቸኰላችን በፊት እናድምጣት። እኛም ወንዶች ተማሪዎች ነገ ባሎች የምንሆን ነንና፣ ቤታችን የማይፈራ ቤት እንዲሆን ከዛሬው እንማር።