ማር ከመቁረጣችን በፊት ለምን እናጨሳለን?

ማይንክራፍት የምንጫወት ሁሉ እናውቃለን፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ንብ ከገባበት ወዲህ ማር የሚንጠባጠብ ቀፎ ስናገኝ ከሥሩ እሳት እናነዳለን፤ ሲጨስ ማሩን በጠርሙስ እንቀዳለን። ካላጨስን ንቦቹ ይነድፉናል፤ የነደፈችውም ትሞታለች።

ይህ የጨዋታ ፈጠራ ብቻ አይደለም። የመካነ ብርሃን ንብ አናቢም ማር ሲቆርጥ ያጨሳል። ንቦች «አደጋ መጣ» የሚባባሉት በሽታ ነው፤ ጭሱ ያንን ሽታ ይሸፍነዋል። ሠራተኛ ንብ ስትነድፈን መንደፊያዋ ቆዳችን ላይ ተሰክቶ ስለሚቀር ትሞታለች። ስለዚህ ጭሱ እኛንም እሷንም ያድናል።

ልዩነቱ አንድ ነው፤ የጨዋታው ንብ ማሯን በሙሉ ብንወስድባትም አትራብም። የእውነተኛዋ ንብ ማር ግን አበባ ለሚጠፋበት ወቅት ያስቀመጠችው ስንቅ ነው። ሱራ በስሟ ለተሰየመላት ለዚች ፍጥረት ድርሻዋን እንተውላት።