ኮሎኔሉና የበጀት ሹሟ በአንድ ጠረጴዛ

ዋሽንግተን ዲሲን የሚያውቅ ሰው ዋርፍ የሚባለውን የወንዝ ዳር መዝናኛ አያጣውም። ዓሣ ይሸጥበታል፣ ጀልባ ይቆምበታል፣ ማታ ማታ ሙዚቃ ይሰማበታል። ከዚያ ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ፣ ፖቶማክና አናኮስቲያ ወንዞች ሊገናኙ ሲሉ፣ አንድ የታጠረ የጦር ሰፈር አለ። ፎርት ማክኔር ይባላል። የጦር ሰፈር ይሁን እንጂ ታንክና መድፍ ፍለጋ የሚሄዱበት አይደለም። ዋናው ሥራው ማስተማር ነው፤ ተማሪዎቹም ፀጉራቸው መሸበት የጀመረ ሰዎች ናቸው።

ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የአንዱ ሙሉ ስም የድዋይት አይዘንሃወር የብሔራዊ ደህንነትና የሀብት ስትራቴጂ ትምህርት ቤት ነው። ስሙ ረዥም ነው፤ እዚህ በአጭሩ የአይዘንሃወር ትምህርት ቤት እንበለው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጦር ትምህርት ቤት ሲባል ሆለታ ወይም ሐረር ትዝ ቢልዎት አይገርምም። ይህ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ወጣቱን ተቀብለው መኮንን አድርገው ያወጣሉ። እዚህ የሚገባው መኮንን ከሆነ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ያለፈው ሌተና ኮሎኔል ወይም ኮሎኔል ነው። መተኮስም ማዘዝም ያውቃል። የማያውቀው ሌላ ነገር ነው፤ ጥይቱ ከየት እንደሚመጣ።

ቀልድ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱም የተከፈተው በዚሁ ምክንያት ነው። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ በሚያዝያ 1917 ስትገባ ሰው አላጣችም። ፋብሪካም ነበራት። ግን ሁለቱን የሚያገናኝ አልነበራትም። ዕቃ ወደ ወደብ ሲጎርፍ የባቡር መሥመሩ ተጨናነቀ፤ በታኅሣሥ 1917 መንግሥት የባቡር ድርጅቶቹን በራሱ አስተዳደር ሥር እስከማድረግ ደረሰ። ፈረንሳይ የደረሰው የአሜሪካ ወታደር በአብዛኛው የተዋጋው በፈረንሳይ መድፍ ነው። አብራሪውም ቢሆን የወጣው በፈረንሳይ አውሮፕላን ላይ ነበር። ያቺ በፋብሪካ የታወቀች አገር ጦርነቱን በተውሶ መሣሪያ ጨረሰች ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ በ1924 የምድር ጦሩ የኢንዱስትሪ ኮሌጅ ተከፈተ። በ1933 ከተመረቁት አንዱ ያን ጊዜ ገና ሻለቃ የነበረው ድዋይት አይዘንሃወር ነው። በ1946 ኮሌጁ ለሁሉም የጦር ክፍሎች ሆነ። በ1976 ከጎረቤቱ ከብሔራዊ ዋር ኮሌጅ ጋር ተጣምሮ የብሔራዊ መከላከያ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። የአይዘንሃወር ስም የተሰጠው በ2012 ነው።

አሁን ስሙን እንፍታው። ሀብት ሲባል ገንዘብ ብቻ አይደለም። እኛ ስንቅና ትጥቅ የምንለው ነው፤ ከዚያ ሰፋ ብሎ ፋብሪካውን፣ ብረቱን፣ ነዳጁንና የሠለጠነውን ሠራተኛ ይጨምራል። ስትራቴጂውን ደግሞ እዚያ አገር ያሉ የጦር መምህራን በባለ ሦስት እግር በርጩማ ይመስሉታል። አንዱ እግር ግቡ ነው፤ ምን እንፈልጋለን? ሁለተኛው መንገዱ ነው፤ እንዴት እንደርሳለን? ሦስተኛው አቅሙ ነው፤ በምን? ግቡ ረዝሞ አቅሙ ካጠረ በርጩማው ያዘነብላል፤ የተቀመጠውም ይወድቃል። ሌሎች የጦር ኮሌጆች ሦስቱንም እግሮች ያስተምራሉ። ይህኛው በተለይ የሚያተኩረው በሦስተኛው ላይ ነው።

አቅም እንዴት እንደሚያጥር በቅርብ ከሆነ ነገር ላሳይዎት። 155 ሚሊሜትር የሚባለውን የመድፍ ጥይት ይውሰዱ። በፔንሲልቬንያ፣ ስክራንተን ከተማ፣ ድሮ የባቡር ጭንቅላት ይጠገንበት በነበረ ሕንፃ ውስጥ የብረት ድብልብል ተቆርጦ እስኪቀላ ይጋላል። በመጭመቂያ ተስቦ ጠርሙስ የመሰለ ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ ተጭኖ ወደ አዮዋ ይሄድና ፈንጂ ይሞላበታል። የዩክሬን ጦርነት በ2022 ሲጀመር የዚህ ጥይት ምርት በወር 14,000 ገደማ ነበር። ፍላጎቱ ከዚያ እጅግ ስለበለጠ በወር 100,000 የሚል ግብ ተቀመጠ።

ታዲያ ገንዘቡ ካለ ለምን ወዲያው አይመረትም? የሚሞላው ፈንጂ ቲኤንቲ ነዋ። አሜሪካ ቲኤንቲ ማምረት ያቆመችው በ1980ዎቹ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከውጭ ትገዛ ነበር። አዲስ ፋብሪካ በኬንታኪ እንዲሠራ ውል የተፈረመው በ2024 መጨረሻ ሲሆን ዋጋው 435 ሚሊዮን ዶላር ነው። ውል ዛሬ ቢፈረም ፋብሪካው ነገ አይቆምም። ግንባር ላይ ያለው አዛዥ ይህን ሊያስተካክል አይችልም። ሊያስተካክለው ይችል የነበረው ከዓመታት በፊት በጀት ሲመደብ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰው ነው።

የትምህርት ቤቱ ክፍል በዚህ ምክንያት ቅይጥ ነው። ተማሪው በየዓመቱ ወደ 300 ይጠጋል፤ በትናንሽ ቡድን ተከፍሎ ይቀመጣል። የምድር ጦሩ ኮሎኔል አጠገብ የባሕር ኃይል መኮንን አለ። ከጎኑ አንዲት የውጭ ጉዳይ ዲፕሎማት፣ ከእሷ ማዶ የሲቪል መሥሪያ ቤት የበጀት ኃላፊ፣ ከእነሱ ጋር ከሌላ አገር የመጣ መኮንንና የግል ኩባንያ ሰው። ኮሎኔሉ «ይህን መርከብ እንፈልጋለን» ሲል የበጀት ኃላፊዋ «ምን ልተውልህ?» ትለዋለች። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሰው አለቃው እንዳይሰማው ፈርቶ ዝም እንዳይልም አንድ ደንብ አለ። በክፍል የተባለው ነገር የተናጋሪው ስም ተጠርቶ ውጭ አይወራም።

ትምህርቱ አሥር ወር ይፈጃል። ንባቡ ብዙ ነው። ምጣኔ ሀብት፣ የዓለም ፖለቲካ፣ የመሣሪያ ግዢ አሠራር ይማራሉ። ትምህርት ቤቱን ከሌሎች የሚለየው ግን የኢንዱስትሪ ጥናቱ ነው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ኢንዱስትሪ ይይዛል፤ መርከብ፣ አውሮፕላን፣ ኃይል ወይም ኤሌክትሮኒክስ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው ድረስ ሄዶ ያያል፣ ይጠይቃል፤ ተመልሶ የት ጋ ሊሰበር እንደሚችል ይጽፋል። ሲጨርሱ የማስተርስ ዲግሪ ያገኛሉ።

ማን ይከፍላል? መኮንኑ አይከፍልም፤ ደመወዙም አይቋረጥም። የመንግሥት ሠራተኛውም ቢሆን ደመወዙን ከመሥሪያ ቤቱ ያገኛል። ለግል ኩባንያ ሰው ኩባንያው ይከፍላል። ለውጭ አገር መኮንን ወይ መንግሥቱ ይከፍላል፣ ወይ የአሜሪካ የወታደራዊ ትምህርት እርዳታ ይሸፍናል። ከባዱ ወጪ ግን በደረሰኝ የሚታይ አይደለም። አንድ ክፍለ ጦር ጎበዝ ኮሎኔሉን አንድ ዓመት ሙሉ ያጣል፤ ወንበሩን ሌላ ሰው ይሸፍናል።

ያዋጣል ወይ? እኔ ያዋጣል ባይ ነኝ፣ ግን ተአምር አይጠበቅ። ትምህርት ቤቱ እያለ በ1930ዎቹ የተዘጋጀው የኢንዱስትሪ ክተት ዕቅድ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ወደ ጎን ተትቷል። የቲኤንቲውም ነገር የሆነው ትምህርት ቤቱ ለአሥርት ዓመታት ሲያስተምር ከቆየ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ያስተምራል እንጂ በጀት አይመድብም።

ስለ አይዘንሃወር አንድ ነገር ልጨምር። ጦርነትን በፋብሪካ ዓይን ማየት እዚህ የተማረው ይኸው ሰው ፕሬዚዳንት ሲሆን ሒሳቡን ገልብጦ አሳየ። በሚያዝያ 1953 ባደረገው ንግግር የአንድ ዘመናዊ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ዋጋ ከሠላሳ በላይ በሆኑ ከተሞች በያንዳንዳቸው አንድ የጡብ ትምህርት ቤት እንደሚያሠራ አስልቶ ተናገረ። በጥር 1961 ሲሰናበት ደግሞ የጦሩና የመሣሪያ አምራቾች ጥምረት ከልክ በላይ ሥልጣን እንዳይዝ አስጠነቀቀ። ዋጋ ማስላት የለመደ ሰው እንዲህ ነው።

በአገራችንም የኢትዮጵያ መከላከያ ዋር ኮሌጅ ከከፍተኛ መኮንኖች ጋር የሲቪል ኃላፊዎችን እያስቀመጠ ያስተምራል። መኮንኑና ሲቪሉ አብረው ይማሩ የሚለው ሐሳብ ሩቅ አይደለም።

አሜሪካ የሚኖሩ ወላጅ ከሆኑ «ልጄስ መግባት ይችል ይሆን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። እንደ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ሞልቶ የሚገባበት አይደለም። የጦር ክፍሉ ወይም መሥሪያ ቤቱ መርጦ ይልከዋል። ልጅዎ ዛሬ መቶ አለቃ ከሆነ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል።